ሰባ ያልሞላ ድምፅ

ኮምቦልቻ ውስጥ በሮች የሚገባውን ሰው ስምና ሙያ ጮክ ብለው መናገር ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በ2098 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ወለላ ይመር ዳቦ ልትገዛ ስትገባ የዳቦ ቤቱ በር «ወለላ ይመር፤ ሙያ ያልተወሰነ» አለ። ሰልፉ ላይ ከነበሩት ሰባት ሰዎች ስድስቱ ዞረው አዩዋት። ሰባተኛው ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ነበር።

እስከ ዓርብ ድረስ በሩ «የውኃ ቆጣሪ አንባቢ» ነበር የሚላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሰፈሩ እየዞረች፣ የቆጣሪ ክዳን እያነሳች ቁጥር ስትመዘግብ ኖራለች። ቅዳሜ ዕለት ቆጣሪዎቹ ራሳቸውን ማንበብ ጀመሩ። የደረሳት ደብዳቤ ለአገልግሎቷ ያመሰግናታል፤ ከሰኞ ጀምሮ የሚቆጠር አርባ ቀንም ይሰጣታል። በአርባ ቀን ውስጥ አዲስ ሙያ በቃሏ ካላስመዘገበች ስሟ በቀጥታ ወደ ሰመራ ይተላለፋል።

ሰመራ ማለት መስታወት ጠረጋ ነው። እዚያ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋው የፀሐይ መስታወት በየቀኑ አቧራ ይለብሳል፤ በየቀኑ ይጠረጋል። ሙያ ያልተወሰነለት ሰው ሁለት ዓመት ይጠርጋል። ቤተሰብ ይዞ መሄድ አይፈቀድም። ወለላ ደግሞ አባት አሏት። አቶ ይመር ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ማየት ካቆሙ አራት ዓመት አልፏል።

ወለላ ከሃያ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ትስላለች። አሁን አርባ ሦስት ሆናለች። ከሱቅ በተጣለ ካርቶን ላይ፣ ከፈረሰ ቤት በወጣ ኮምፔንሳቶ ላይ፣ ግንበኞች ትተውት በሄዱት የግድግዳ ቀለም ትስላለች። መቶ አርባ ያህሉ ከአልጋዋ ጀርባ ተደርድሮ ቆሟል። ከአባቷ በቀር አንዱንም ለሰው አሳይታ አታውቅም። እጇ ላይ ቀለም አይቶ «ትስያለሽ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ሲያጋጥማት «እንዲሁ እሞነጫጭራለሁ» ትልና ሌላ ወሬ ታመጣለች።

ማክሰኞ ዕለት ወደ ቃል መስጫው ሄደች።

ቃል መስጫው ጠባብ ክፍል ነው። አንድ የብረት ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት ለፊት ደግሞ የንብ ቀፎ የሚመስል ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ነገር አለ፤ ሰዉ «ሰሚው» ይለዋል። ሰሚው ዲፕሎማ አይጠይቅም፤ የሥራ ናሙናም አያይም። ዲፕሎማው ሁሉ ከተጭበረበረ፣ ናሙናውንም ማንኛውም መሣሪያ ባንድ ትንፋሽ መሥራት ከቻለ ወዲህ ያልተነካ ማስረጃ የቀረው የሰው ድምፅ ብቻ ነው ተብሎ ተወሰነ። ስለዚህ «እኔ እንዲህ ነኝ» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። ሰሚው የድምፁን ጽናት ከመቶ ይሰጣል። ሰባና ከዚያ በላይ ያመጣ፣ የተናገረውን ነው።

ከወለላ ፊት የነበረው ሰው አልጋና ፍራሽ ሲነግድ የምታውቀው የአራተኛ ቀበሌ ሰው ነበር። ተቀመጠ፤ ጉሮሮውንም አልጠረገም።

«እኔ ገጣሚ ነኝ።»

ዘጠና ሦስት። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ወጣ፤ የመውጫው ኮሪደር በር «ገጣሚ» እያለ ሲያሳልፈው ተሰማ።

ወለላ ተቀመጠች። መዝጋቢዋ ወይዘሮ ዘምዘም የሚባሉ፣ ሻርፓቸውን ደጋግመው የሚያስተካክሉ ቀጭን ሴት ነበሩ። «አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፤ ዝም ብለው ይናገሩ» አሏት።

ወለላ «እኔ» አለች። ከአልጋው ጀርባ ያሉት ካርቶኖች ታወሷት። ከሁሉም በፊት የመጣባት አባቷ ዓይናቸው ሳይጠፋ አይተው «አህያዋ ጥሩ ናት» ያሏት ፈረስ ነው። «ሰዓሊ ነኝ» አለች።

አርባ አንድ።

«እህቴ፣ እንደ ጥያቄ አደረጉት እኮ» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም። «ሰሚው ጥያቄ አይወድም። ሌላ ነገር ለምን አይሉም? ምግብ አብሳይ ይበሉ። ብዙዎቹ በሱ ያልፋሉ።»

«ወጥ አልችልም።»

«መቻል ማን ጠየቀዎት?»

ወለላ ተናደደች። የተናደደችው በሴትየዋ አልነበረም። የተናደደችው ከንፈሯ ላይ ደርሶ ስስ በሆነባት ቃል ነው። ቆጣሪ አንባቢ ነኝ ብትል ዘጠና ስድስት እንደምታመጣ ታውቃለች፤ ግን ሙያው ከመዝገብ ተሰርዟል። ሃያ አንድ ዓመት የሠራችውን ነገር ስሙን መጥራት አቃታት። አንድ ቀን ግጥም ጽፎ የማያውቅ ፍራሽ ነጋዴ ደግሞ በሦስት ቃል ገጣሚ ሆኖ ወጣ።

እቤት ስትደርስ አቶ ይመር ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«ስንት አመጣሽ?»

«አርባ አንድ።»

«እና ነሽ ወይስ አይደለሽም?»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

«አንቺ ካላወቅሽው ማን ሊያውቀው ነው?»

«እሱን ነው የማላውቀው!» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው ደግሞ በመጮኋ አፈረች።

አቶ ይመር የባቡር ሃዲድ ጠጋኝ ነበሩ። ቆዩና «እኔን ሃዲድ ጠጋኝ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አሉ። «ባቡሩ በላዩ ካለፈ፣ አለፈ ነው።»

«የኔ ባቡር የለማ» አለች ወለላ። «በምን ልወቀው?»



ያን ሳምንት ካርቶኖቿን አንድ ባንድ እያወጣች ግድግዳ ላይ አስደግፋ አየቻቸው። አልወደደቻቸውም። ቦርከናን ከነድልድዩ የሳለችበት፣ አራት ወር የፈጀባት ሥዕል እንኳ ውኃው ቆሞ የቀረ መሰላት። በንዴት ለቤቱ መሣሪያ «ቦርከና፣ ድልድይ፣ ክረምት» አለችው። ወንበር ስባ እስክትቀመጥ ዘጠና ዓይነት ቦርከና ግድግዳው ላይ ተሰለፈ። ከዘጠናው ሃያ ያህሉ ከሷ ይበልጣሉ። ቆጥራ አረጋገጠች። ከዚያ መሣሪያውን አጠፋችና የራሷን ቦርከና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

ጎረቤቷ ኑርልኝ አራጋው የተመዘገበ ሰዓሊ ነው። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ደግ ልጅ ነው። በዘጠና አራት ነበር ያለፈው። ብሩሽ ይዞ አያውቅም፤ ለመሣሪያው ይነግረዋል፤ መሣሪያው ያመጣለታል፤ ኑርልኝ ይመርጣል። ይህን ማንም እንደ ነውር አያየውም፤ እሱም አይደብቀውም።

ውድቀቷን ሲሰማ «አብሽሪ፣ እትዬ ወለላ» አላት። «የድምፅ ማጽኛ ትምህርት አለ። እኔንም ያሳለፈኝ እሱ ነው።»

ትምህርቱ የሚሰጠው በቀድሞው የከተማው ስብሰባ አዳራሽ ነው። ሃያ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፤ ሁሉም የየራሱን ቃል እኩል ይጮኻል። «እኔ ጠበቃ ነኝ!» «እኔ አሰልጣኝ ነኝ!» «እኔ የነፍስ አማካሪ ነኝ!» አስተማሪው በመካከላቸው እየተዘዋወረ ትከሻ ይመታል። ወለላ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ምን እያሰብሽ ነው የምትናገሪው?»

«የሳልኳቸውን።»

«ተይዋቸው። ሥራሽን ካሰብሽ ጉድለቱን ታያለሽ፤ ጉድለቱን ካየሽ ድምፅሽ ይወርዳል። ቃሉን ብቻ ያዢ።»

ሦስት ሳምንት ተመላለሰች። በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ለሁለተኛ ጊዜ የብረት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ደረቷን ነፍታ፣ ግድግዳውን አፍጥጣ እያየች ተናገረች። ሠላሳ ስምንት።

«አሁን ደግሞ የውሸት ጀግና ሆኑብኝ» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም፤ አዝነው ነበር። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረዎት። አርባኛው ቀን ዓርብ ነው፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አልቀበልም፤ በሩ ራሱ ይዘጋል።»

በማግስቱ ጠዋት ኑርልኝ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

ጤና ጣቢያው የነፍሰ ጡሮች መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አምስት ሜትር ግድግዳ ነበረው፤ የሥዕሉን ሥራ የወሰደው ኑርልኝ ነው። መሣሪያው ያመጣለትን ግድግዳው ላይ አተመው፦ ልጅ በአንቀልባ ያዘለች ሴት፣ ከኋላዋ ተራራና ሰማይ። ሴቶቹ ግን ከሥዕሉ ሥር አንቀመጥም አሉ።

«ለምን?»

«ልጁ ሊወድቅ ነው ይላሉ። እጇ አንቀልባውን አልያዘም አሉ። አርባ ጊዜ አስለወጥኩት፤ በለወጠ ቁጥር ሌላ ጣት ይጨምራል፣ ሌላ ትከሻ ያጣምማል። እባክሽ አንዴ ብቻ እይልኝ።»

የጤና ጣቢያው በር «ሙያ ያልተወሰነ» ብሎ አስገባት። ግድግዳው ፊት ቆመች። ሴትየዋ ቆንጆ ናት፤ ቆዳዋ ያበራል። እጇ ግን ከአንቀልባው ማሰሪያ ላይ ዝም ብሎ ተለጥፏል።

«ይሄ እጅ አይደለም» አለች ወለላ። «ጓንት ነው። ውስጡ ሰው የለበትም።»

ቤት ሄዳ ቀለሟን ይዛ ተመለሰች። እጁን ብቻ አስተካክላ ልትወጣ ነበር ሐሳቧ። እጁ ግን ሁለት ቀን ወሰደ። እጁ በትክክል ሲይዝ ትከሻው ሐሰት ሆነ፤ ትከሻው ሲስተካከል የልጁ ጭንቅላት ያለ ቦታው ቀረ። ሦስተኛ ልጇን የምትጠብቅ መሬማ የምትባል ሴት ከአግዳሚው ተነስታ መጣች፤ ጋቢዋን ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ አዘለችና ማሰሪያውን ደረቷ ላይ አስራ አሳየቻት።

«ክብደቱ እዚህ ጋ ነው የሚጎትተው» አለች ብብቷ ሥር እየነካች። «ያንቺዋ ደረቷን ነው የነፋችው።»

ወለላ የመሬማን እጅ ረጅም ጊዜ አየች፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር እንዴት እንደሚነጣ፣ ማሰሪያው ሥጋዋ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ። ዞራ የነበረውን አጠፋችና እንደገና ሳለችው።

«ግን አንቺ ማነሽ?» አለቻት መሬማ።

«ቆጣሪ አነብ ነበር።»

በስድስተኛው ቀን ከኑርልኝ ሥዕል የቀረው ሰማዩ ብቻ ነበር። ወለላ በነዚያ ቀናት ደስ አላት ማለት አይቻልም። ስትነጫነጭ ነው የዋለችው፤ ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል፣ ብርሃኑ ከተሳሳተ ቦታ ይመጣል፣ እጇ ያሰበችውን አያደርግላትም። ሴቶቹ ግን አግዳሚውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ከሥሩ መቀመጥ ጀምረው ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት የግድግዳ ተቆጣጣሪ መጣ። ደረቱ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ሰሚ አንጠልጥሏል። ሥዕሉን አየ፤ ከዚያ በፊት የተመዘገበውን ምስል አየ።

«የሕዝብ ግድግዳ የሚነካው የተመዘገበ ሰዓሊ ብቻ ነው። ይሄን ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኑርልኝ ወደፊት ወጥቶ። «እኔ ነኝ የሳልኩት።»

የተቆጣጣሪው ሰሚ ሃምሳ ሁለት አለ። ኑርልኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ተቆጣጣሪው የሴትየዋን እጅ በጥፍሩ ጫር አደረገ፤ ቀለሙ ገና አልጠነከረም ነበርና ተላጠ።

«እጅህን አንሳ!» አለች ወለላ። «እሱ አይደለም። እኔ ነኝ የሳልኩት። ከሰማዩ በታች ያለው ሁሉ የኔ ሥራ ነው። አትንካው።»

ሰሚው ዘጠና ስምንት አለ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ሰሙት።

ተቆጣጣሪው ቁጥሩን ደግሞ አየ። «በዓመት አንዴ ነው እንዲህ ያለ የማገኘው» አለ በአድናቆት። «ተመዝግቧል።»

ወለላ አንድ እርምጃ ቀረበችው። «እንግዲያው ይሄን ለወይዘሮ ዘምዘም ያስተላልፉልኝ። ለሙያዬ።»

«እሱ የሙያ ቃል ነው፤ ይሄ ደግሞ የጥፋት ቃል ነው። መዝገባቸው አይገናኝም።»

«ያው እኔ፣ ያው ድምፄ!»

«እመቤቴ፣ ሳልኩ ነው ያሉት እንጂ ሰዓሊ ነኝ አላሉም።» እንደማብራራት አድርጎ ነገራት፤ ክፋትም አልነበረበትም። ውሳኔው በዚያው ሰዓት መጣ፦ ጥፋተኛዋ ዓርብ ዕለት፣ በገዛ እጇ፣ ያለ ረዳት፣ ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ነጭ ትቀባለች።

ዓርብ አርባኛው ቀን ነበር።

ጠዋት ኑርልኝ ከበሩ ውጭ ቆሞ ጠበቃት። «ሌሊቱን ሁሉ አልተኛሁም» አላት። «ቶሎ ጨርሺውና ስምንት ሰዓት ላይ ዘምዘም ጋ እንሂድ። ለሰውዬው እንደተናገርሽው አድርገሽ ተናገሪ፤ በዚያው ቁጣ። ታልፊያለሽ።»

ወለላ ራሷን ነቀነቀች። ሮለሩን ነጭ ቀለም ውስጥ ነከረችና ከሰማዩ ጀመረች። ሰማዩ ቶሎ ሄደ። ተራራው ሄደ። የሴትየዋ እግር፣ ቀሚሷ፣ ቀናት የለፋችበት እጅ ሄደ። እጁ ላይ ስትደርስ ፊቷን አዞረችና በጭፍን ቀባችው። መሬማ ከአግዳሚው ተነስታ ወደ ውጭ ወጣች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የቀረው ከትከሻ በላይ ብቻ ነበር፤ የሴትየዋ ፊትና የልጁ ጭንቅላት።

ቀለም ልትጨምር ወደ ኋላ ስትመለስ አየችው።

የሴትየዋ አንገት ልክ አልነበረም። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል። ልጅ ያዘለ ሰው አንገቱን ወደፊት ይሰጣል፤ ይቺ ሴት ግን ጀርባዋ ላይ ምንም እንደሌለ ሆና ቆማለች። ስድስት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ቆማ አላየችውም። ይሄን ሳላይ ነው ዘጠና ስምንት የሞላሁት? ብላ በራሷ ተቃጠለች። ተቆጣጣሪው ፊት የጮኸችበት ድምፅ ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ።

ሮለሩን አስቀመጠች። ብሩሿን አወጣች።

«እትዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ኑርልኝ ከበሩ።

«አንገቷ ልክ አይደለም።»

«ሊሸፈን ነው እኮ! ማን ሊያየው?»

«ዝም በል እስቲ።»

አገጩን በሁለት ጣት ዝቅ አደረገችው። ያኔ ጥላው ቦታውን ሳተ። ጥላውን ስታወርድ የአንገቱ ጅማት ጠፋ። ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ዘጠኝ አለፈ። ኑርልኝ ሰዓት መንገሩን ቀጠለ፤ መጀመሪያ በልመና፣ በኋላ በቁጣ፣ በመጨረሻ ደግሞ ሊያለቅስ በደረሰ ድምፅ። «አሥር ተኩል ሆነ። አባትሽን አስቢ። ብንሮጥ እንደርሳለን።» ወለላ አባቷን እያሰበች ነበር፤ በዚያው ልክ ደግሞ ከጆሮ ሥር እስከ ትከሻ የሚወርደውን አንድ መስመር ታስብ ነበር። ሁለት ጊዜ ብሩሹን አስቀምጣ ወደ በሩ ተራመደች። ሁለቱንም ጊዜ ዞራ አየችው፤ ልክ አልነበረም፤ ተመለሰች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ አጭር ድምፅ አሰማ። አላየችውም፤ የሚለውን ታውቀዋለች። ማክሰኞ ጠዋት፣ የሰመራ ባቡር።

ሃያ ደቂቃ ቆይቶ መስመሩ ተገኘ። ሴትየዋ ከነልጇ ክብደት አረፈች። ወለላ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አንድ ጊዜ ከግራ፣ አንድ ጊዜ ከቀኝ አየችው። ምንም የሚነካ አላገኘችም። ሮለሩን አንስታ ነጭ ቀባችው።

ኑርልኝ እስከ ቤቷ ሸኛት። በሯ ላይ ሲደርሱ «አባባን እኔ አያቸዋለሁ» አለ። «እዚሁ እየመጣሁ አድራለሁ። ከልቤ ነው የምልሽ።» ወለላ ድምፁን ሰማችው፤ አመነችው።

አቶ ይመር አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ቀናሽ?» አሏት።

ወለላ ጫማዋን አወለቀች። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ነጭ ሆኗል። «ቀና» አለች።

«ሰባ አለፍሽ?»

«ቢሮው አልደረስኩም፣ አባዬ። አንገቷ ቀና ማለቴ ነው። የግድግዳዋ ሴትዮ።»

«ማክሰኞ ነው እንግዲህ?»

«ማክሰኞ ነው። ኑርልኝ እዚህ ያድራል።»

ቁጣ ጠበቀች፤ ቢቆጧትም ደስ ባላት ነበር። አቶ ይመር ግን እጃቸውን ዘርግተው የራሳቸውን አንገት ዳበሱ።

«ምን ሆኖ ነበር አንገቷ?»

«ልጅ እንዳላዘለ ሰው ቀጥ ብሎ ነበር። ወደፊት መስጠት ነበረበት።»

አባቷ ጀርባቸውን ትንሽ ጎበጥ አድርገው አንገታቸውን ወደፊት ሰጡ። «እንዲህ?»

«አገጭህን ዝቅ።»

ዝቅ አደረጉት። «እንዲህ?»

ወለላ ፊት ለፊታቸው ተንበርክካ አየቻቸው።

«አዎ» አለች። «እንዲህ።»